ብርሃን በመስታወት እምብርት፦ ከአዲስ አበባ እስከ ቡሬ

የፊዚክስ መምህር ስለ ፋይበር ኦፕቲክ ሲያስተምር ሰሌዳው ላይ ሁለት ትይዩ መስመሮች ይስላል፤ በመካከላቸውም ከላይኛው ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ ላይኛው እየተጋጨ የሚሄድ ዚግዛግ ያሰምራል። ተማሪው ሥዕሉን ይገለብጥና ከሥሩ «ሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ» ብሎ ይጽፋል፤ ፈተና ላይም ይመጣል። ፍኖተ ሰላምም ይማር ቡሬ፣ ደምበጫም ይማር ጅጋ፣ ሰው ስለዚህ ገመድ የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው። ሥዕሉ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው ገመድ ውስጥ ብርሃን እንደዚያ አይሄድም። ይህ ዳሰሳ በሥዕሉና በገመዱ መካከል ያለውን ልዩነት ይመለከታል። ልዩነቱ ለፈተና ብቻ የሚሆን ጉዳይ አይደለም፤ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ኢንተርኔት ስለ ምን እንደሚንቀራፈፍ ስናወራ ጥፋቱን ማን ላይ እንደምንጥል ይወስናል። የእኔ ፍርድ ከወዲሁ ይታወቅ፦ መስታወቱ ንጹሕ ነው።

ከሥዕሉ እውነት እንጀምር። ብርሃን ከአየር ይልቅ በውሃ፣ ከውሃም ይልቅ በመስታወት ውስጥ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ዝግ ከሚልበት ወደሚፈጥንበት ሲሻገር አቅጣጫው ይሰበራል፤ ድንበሩን በጣም አጋድሞ ከመታው ደግሞ መሻገሩ ጭራሹን ይቀርና ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ለውሃና ለአየር ወሰኑ ከቋሚው መስመር 49 ዲግሪ አካባቢ ነው። በበጋ ውሃው ሲጠራ ብር ወንዝ ውስጥ ጠልቆ ዓይኑን ወደ ላይ የገለጠ ዋናተኛ ነገሩን አይቶታል፤ ከአናቱ በላይ ክብ ሰማይ ይታየዋል፣ ከክቡ ውጭ ያለው የውሃ ገጽ ግን ሰማዩን ይከለክልና የወንዙን ወለል መልሶ ያሳየዋል። እ.ኤ.አ. በ1841 ዳንኤል ኮላዶን ጄኔቫ ላይ፣ በ1854 ደግሞ ጆን ቲንደል ለንደን ላይ ከዕቃ ቀዳዳ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ብርሃን ሰደው፣ ብርሃኑ ከውሃው ጋር ጎብጦ ሲወርድ ለተመልካች አሳይተዋል። የዘመናችን ገመድ የዘር ሐረግ ወደዚያ ይወጣል።

ገመዱን ገልጠን ብናየው ከላይ ያለው ፕላስቲክ፣ ጄልና ብረት ሁሉ ለጥበቃ ነው። ሥራውን የሚሠራው መስታወት ውፍረቱ 125 ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር ስምንት እጅ አንዱ ነው። በዚያም መሃል ኮር የሚባለው እምብርቱ ከ8 እስከ 9 ማይክሮን ብቻ ነው። እምብርቱም፣ በዙሪያው ያለው ልባሱም ያው ሲሊካ የሚባለው መስታወት ናቸው፤ እምብርቱ ላይ ትንሽ ጀርማኒየም ስለሚጨመርበት ብርሃን እዚያ ውስጥ በጥቂቱ ዝግ ይላል። ይህ «በጥቂቱ» በቁጥር ሲነገር ያስገርማል፤ ልዩነቱ ከመቶ 0.4 እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የመምህሩን ዚግዛግ በዚህ ቁጥር ብንፈትነው፣ ብርሃኑ ከገመዱ አቅጣጫ ከ5 ዲግሪ በላይ ካጋደለ ድንበሩን ጥሶ ይወጣል። ሰሌዳው ላይ እንደሚሳለው በ45 ዲግሪ የሚጋጭ ብርሃን አንድ ሜትር ሳይሄድ ያልቃል። መምህሩን አልወቅስም፤ 5 ዲግሪ በጠመኔ ቢሳል ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ ቀጥ ያለ መስመር ነው የሚያየው።

ሁሉም በሚያውቀው መርህና በሚሠራ ገመድ መካከል ከመቶ ዓመት በላይ የቆመው እንቅፋት ቆሻሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በነበረው ምርጥ የሚባል መስታወት ውስጥ 20 ሜትር የተጓዘ ብርሃን የሚቀረው ከመቶ አንድ እጁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ቻርልስ ካኦ ከባልደረባው ጆርጅ ሆክሃም ጋር ባሳተመው ጽሑፍ፣ ብርሃኑን የሚበላው መስታወቱ ሳይሆን በውስጡ ያሉት እንደ ብረት ያሉ ባዕድ ቅንጣቶች ናቸው አለ። እነሱ ከተወገዱ በኪሎ ሜትር ከ20 ዴሲቤል ያልበለጠ ብክነት ይደረሳል፤ ለስልክ መስመር ያ ይበቃል አለ። ዴሲቤል ለማያውቅ አንባቢ ሁለት ቁጥር ይበቃዋል፦ 3 ዴሲቤል ሲባክን ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፣ 10 ዴሲቤል ሲባክን አንድ አስረኛው ይቀራል። በ1970 አሜሪካ ውስጥ የኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች፣ ማውረር፣ ኬክና ሹልዝ፣ 17 ዴሲቤል ላይ ደረሱ። ካኦ ለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ2009 ነው። ዛሬ በየመንገዱ የሚቀበረው ተራ ፋይበር በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል አካባቢ ነው የሚያባክነው፤ ብርሃኑ ግማሽ እስኪሆን 15 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

ከዚያ በታች ለመውረድ ያስቸገረው ቆሻሻ አይደለም፤ የጎጃምን ሰማይ ሰማያዊ የሚያደርገው ነገር ራሱ ነው። የትኛውም ግልጽ ነገር በጣም ቀርበው ሲያዩት ወጥ አይደለም፤ እዚህም እዚያም ትንሽ ጠበቅ፣ ትንሽ ላላ ይላል፤ ብርሃኑም በእነዚያ ላይ ይበተናል። ብተናው አጭር ሞገድን ይጎዳል፣ ረጅሙን ይምራል፤ ለዚህ ነው ከፀሐይ ብርሃን ሰማያዊው ተበትኖ ሰማዩን የሞላው። ሰማያዊ ብርሃን በፋይበር ቢላክ የረጅም ርቀት ገመድ ከሚጠቀምበት የ1550 ናኖሜትር ብርሃን 140 እጥፍ ያህል ይበተን ነበር። ስለዚህ መሐንዲሶች ወደ ኢንፍራሬድ ወረዱ። እዚያም የራሱ ችግር አለ፤ ከመስታወቱ ጋር የተቀላቀለ የውሃ ርዝራዥ 1383 ናኖሜትር ላይ ብርሃኑን ይጠጣዋል፣ ከ1600 አልፎ ደግሞ ሲሊካው ራሱ መምጠጥ ይጀምራል። 1310 እና 1550 የተመረጡት በእነዚህ መካከል ያሉ በሮች ስለሆኑ ነው። ሁለቱንም ዓይን አያያቸውም። የጥገና ሠራተኛ የሚያበራው ቀይ ብርሃን መሰበሪያውን ለመፈለግ የተለየ መሣሪያ ነው እንጂ መልእክት የሚጓዝበት አይደለም። የተቆረጠ ፋይበር አንስቶ «ብርሃን አለበት ወይስ የለበትም» ብሎ ወደ ዓይን ማስጠጋት ልጆችን መከልከል ያለብን ነገር ነው፤ ጨለማ መስሎ የሚታየው ጫፍ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ሥዕሉ የሚወድቅበት ቦታ ደረስን። ከቀደሙት ፋይበሮች የብዙዎቹ እምብርት ወፍራም፣ 50 ማይክሮንና ከዚያ በላይ ነበር። በእነሱ ውስጥ ዚግዛጉ እውነት ነው፤ ችግሩም ከዚያው ይመጣል። ቀጥ ብሎ የሄደው ብርሃን እየተጋጨ ከሄደው ቀድሞ ይደርሳል። በእምብርቱና በልባሱ መካከል የአንድ በመቶ ልዩነት ካለ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የቀዳሚውና የኋለኛው ልዩነት 50 ናኖሰከንድ አካባቢ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በሰከንድ 10 ቢሊዮን ቢት በሚልክ መስመር ላይ ለአንድ ቢት የሚደርሰው ጊዜ የናኖሰከንድ አንድ አስረኛ ነው፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ 500 ቢቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል ማለት ነው። መድኃኒቱ ለጆሮ ይከብዳል፦ እምብርቱን ለብርሃኑ ሞገድ ጥቂት እጥፍ እስኪሆን ድረስ ማጥበብ። እዚያ ሲደረስ ብርሃንን እንደ ጨረር፣ ድንበሩን እንደ ግድግዳ ማሰብ አይቻልም። ሞገድ መሆኑ ይገለጣል፤ እምብርቱም ከሞገዱ ሊሸከም የሚችለው አንድ ቅርጽ ብቻ ይሆናል፣ መሃሉ ላይ ደማቅ፣ ወደ ዳር እየሳሳ የሚሄድ። ቀዳሚ የለም፣ ኋለኛም የለም። መጋጨትም የለም። ነጠላ ሞድ የሚባለው ይህ ነው፤ በአገር ውስጥም ከከተማ ከተማ የሚዘረጋው እሱ ነው።

ይህ ሞገድ ሁለመናው እምብርቱ ውስጥ አይቀመጥም። ሩብ ያህሉ በልባሱ ውስጥ ነው የሚጓዘው። ብዙ ማብራሪያ ይህን ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ ጠቃሚው ነጥብ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ፋይበር ሲታጠፍ ብርሃን ለምን እንደሚጠፋ የሚያስረዳው እሱ ነው። ገመዱ ሲጎብጥ በጉብጠቱ ውጭ በኩል ያለው የሞገዱ ዳር ከውስጠኛው ጋር እኩል ለመራመድ ረጅሙን መንገድ መሮጥ አለበት። ጉብጠቱ ጠባብ ሲሆን የሚፈለግበት ፍጥነት ልባሱ ከሚፈቅደው ያልፋል፤ ያን ጊዜ ከሞገዱ ተነጥሎ ይወጣል። ተራው የረጅም ርቀት ፋይበር ከ3 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ሬዲየስ መታጠፍ የለበትም። ለቤት ውስጥ የሚሠራው ዓይነት እስከ 7.5 ሚሊ ሜትር ይታገሣል። ሶፋ ኋላ ተጨፍልቆ፣ በሚስማር ተጠምዝዞ፣ ከዚያ «ዋይፋዩ ሞተ» የሚባልበት ቤት ብዙ ጊዜ ያጣው ይህቺን ሩብ ነው።

ፍጥነቱን በተመለከተ ሒሳቡ አጭር ነው። በሲሊካ ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 204 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በባዶ ቦታ ከሚሄድበት ሁለት ሦስተኛ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም በመንገድ 387 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ገመዱ መንገዱን ተከትሎ ቢሄድ ብርሃኑ በሁለት ሚሊሰከንድ ውስጥ ይደርሳል፣ ቡሬም ብትሄድ የምትጨምረው ከአንድ ሚሊሰከንድ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ይህን ከሳተላይት ጋር አነጻጽሩት። ቋሚ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው የሚቆመው፤ ወጥቶ ወርዶ መልሱም እንዲሁ ወጥቶ ወርዶ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት ነበር የሚመጣው፤ ወረዳዎችን ያገናኘው ወረዳኔትም በብዛት በሳተላይት ሳህን ላይ ተደግፎ ነው የጀመረው። አንድ ወገን ብቻ ለሚናገርበት ፕላዝማ መዘግየቱ አያስጨንቅም፤ ለሁለት ሰው ወሬ ግን ያስጨንቃል። በኮረብታ ላይ ባሉ ታወሮች የሚታየው ክብ ማይክሮዌቭ ደግሞ ሌላ ነው። ምልክቱ በአየር ስለሚሄድ ከመስታወቱ ይፈጥናል! በፍጥነት ያሸነፈው ማይክሮዌቭ በጭነት ይሸነፋል፤ አንዲት ፋይበር 80 እና ከዚያ በላይ የሞገድ ርዝመቶችን በአንድ ጊዜ ትሸከማለች፣ እያንዳንዱም በሰከንድ 100 ቢሊዮን ቢትና ከዚያ በላይ ይጭናል።

ርቀቱ የሚያስከፍለው ዋጋ በጊዜ ሳይሆን በብርሃን ነው። በ0.2 ዴሲቤል ስናሰላ ከአዲስ አበባ የተላከ ብርሃን ያለ ረዳት ፍኖተ ሰላም ቢደርስ ከ55 ሚሊዮን አንድ እጁ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በየ80 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ማጉያ ይቆማል። የድሮው ዓይነት ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ፣ አንብቦ፣ እንደገና ብርሃን አድርጎ ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 እንግሊዝ ውስጥ የሳውዝሃምፕተኑ ዴቪድ ፔይንና ባልደረቦቹ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኤማኑኤል ዴሱርቪርና ጓዶቹ የኤርቢየም ማጉያን ሠሩ፤ ኤርቢየም የተጨመረበት ጥቂት ሜትር ፋይበር በሌላ ሌዘር ኃይል ይሞላና የሚያልፈውን የ1550 ብርሃን ሳያነብ፣ ሳይተረጉም፣ ሁሉንም ቀለም በአንድ ላይ ያጎላዋል። የዛሬው ኢንተርኔት የቆመው በዚህ ነው። ማጉያው ግን ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ያለቀበት አንድ ጣቢያ በመሃል ካለ፣ ከሱ ወዲያ ያለው መስታወት ምንም ሳይነካው ጨለማ ነው።

በአገራችን ይህ ገመድ በብዛት የተዘረጋው የቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በ1999 ዓ.ም ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር ካደረገው የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ወዲህ ነው። ዛሬ የኢትዮ ቴሌኮም የፋይበር መስመር ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁሉም ከመሬት በታች አይደለም። በከፍተኛ ቮልት ማማዎች አናት ላይ የምትዘረጋው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ በሆዷ ፋይበር ይዛ ትሄዳለች፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ይህን ለቴሌኮም ኩባንያዎች ያከራያል። ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ጣልቃ ገብነት ስለማይነካው ከ400 ሺህ ቮልት ጎን መተኛቱ አይረብሸውም፤ የመዳብ ስልክ ይህን ከቶ አይችልም ነበር። ወደብ አልባ በመሆናችን ደግሞ ወደ ውጭ የሚወጣው ብርሃን በጎረቤት አገር በኩል ነው ባሕር የሚያገኘው፤ ዋናው በር ጅቡቲ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም ቀይ ባሕር ላይ የተመታችው ሩቢማር የተባለች መርከብ መልሕቋን እየጎተተች ሦስት የባሕር ስር ገመዶችን ስትበጥስ የምሥራቅ አፍሪካ ጭነት የተጨናነቀው ለዚህ ነው።

ወደ እኛው መንገድ እንመለስ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መሬቱ በየክረምቱ የሚንሸራተት፣ አስፋልቱን ሳይቀር የሚያጣምም ነው፤ መሬት ሲሄድ በውስጡ የተቀበረው አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ያለው ጠላት ባብዛኛው ኤክስካቫተር ነው። መንገድ ሲሰፋ፣ የውሃ ቧንቧ ሲቀበር፣ አንድ የማሽኑ ጥርስ ሙሉ ከተማ ያጠፋል። መዳብ ነው ብሎ የቆረጠ ሌባም አለ፤ ያገኘው መስታወት ነው፣ መስታወቱንም የሚገዛው የለም።

የተሰበረበት ቦታ የሚገኝበት መንገድ ያማረ ነው። የሰማዩን ቀለም የሚሠራው ብተና ጥቂት ብርሃን ወደ ኋላም ይመልሳል። ኦቲዲአር የሚባለው መሣሪያ አጭር ብርሃን ይልክና የሚመለሰውን ያዳምጣል። መመለሻው በድንገት የቆመበት ጊዜ ተለክቶ በፍጥነቱ ሲሰላ ርቀቱ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ሜትር በደርሶ መልስ 10 ናኖሰከንድ ነው። ሠራተኛው ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ «37ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው» ይላል፤ እኩያው በመኪና ሄዶ ይቆፍራል፣ ጫፎቹን በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ ያጋጥማቸዋል። ስፕላይስ የሚባለው ይህ መጋጠሚያ ጥሩ ከሆነ ከ0.1 ዴሲቤል በታች ነው የሚያባክነው። ጠባሳው ግን አይጠፋም፤ በየዓመቱ የሚቆረጥ መስመር ጠባሳ እያከማቸ መጥቶ፣ ከዓመታት በኋላ ማንም ሳይነካው ይዳከማል።

ከመቆፈሪያው ሌላ የሚያጠፋ እጅ አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር፤ ምዕራብ ጎጃምም ከዚያ ውጭ አልነበረም። ለእንዲህ ያለ መዝጊያ መስታወት መቁረጥ አያስፈልግም፤ በማዕከል ባሉ መሣሪያዎች ላይ የሚሰጥ ትእዛዝ ይበቃል። ጤፍና በርበሬ የጫነው መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ያለው ገመድ ደህና ሆኖ ሳለ፣ የባንክ ሒሳቡን በስልክ የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ በጥሬ ገንዘብ መሥራት ነበረበት። ስለ ፋይበር የሚጻፍ ዳሰሳ ይህን ቢዘለው ግማሹን ይዘላል።

የአዲሱ ምርምር ነገር ለጆሮ ይጥማል። ብርሃኑን በመስታወት ሳይሆን በባዶ እምብርት፣ በአየር ውስጥ የሚመራ ፋይበር ተሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ብክነቱን በኪሎ ሜትር 0.091 ዴሲቤል አድርሰውታል፤ ይህም ከየትኛውም የሲሊካ ፋይበር ያነሰ ነው። ፍጥነቱም ከሲሊካው በግማሽ ያህል ይጨምራል። ለአክሲዮን ነጋዴዎች ትልቅ ነገር ነው። ለፍኖተ ሰላም ግን ጉዞውን ከ1.9 ወደ 1.3 ሚሊሰከንድ ያወርደዋል፤ ይህን ልዩነት በፍኖተ ሰላም የሚያስተውለው ሰው የለም።

የሚያስፈልገው ከዋናው መንገድ ወዲያ ያሉት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ናቸው፤ የመስታወቱ ሒሳብ ደግሞ ለእነሱ ይበቃል። ለቤቶች የሚሠራው ጂፖን የተባለው ዘዴ ከአንድ ፋይበር 32 ቤት ያዳርሳል፤ ብርሃኑን አምስት ጊዜ ለሁለት ለሁለት ይከፍለዋል፣ ይህም ከነብክነቱ 17 ዴሲቤል ይበላል። ከላኪው እስከ ተቀባዩ የተፈቀደው 28 ነው። የቀረው 11። ከፍኖተ ሰላም በአንድ በኩል ወደ ጅጋ፣ በሌላው ወደ ማንኩሳ፣ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ በ1310 ናኖሜትር ብርሃን ቢበዛ 7 ዴሲቤል ይሄዳል። 4 ዴሲቤል ለስፕላይስና ለማያያዣ ይተርፋል፤ በወጉ የተሠራ መስመር ይህን አይጨርስም። ብርሃኑን የሚከፍለው ዕቃ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፤ መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይሠራል። ኃይል የሚፈልጉት ሁለቱ ጫፎች ብቻ ናቸው፤ በገጠሩ ጫፍ ቤት የምትቀመጠው ሳጥንም በ12 ቮልት ነው የምትሠራው፤ ከአንዲት የሶላር ሰሌዳና ከባትሪ በላይ አትጠይቅም።